እሳቱን አታዳፍኑት፦ ስለ ድንጋይ ምድጃ እና ስለ ፍም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንዲት እህት ከፊንላንድ ጻፈችልኝ። ከባለቤቷ ጋር በገዙት አሮጌ ቤት ሳሎኑን ግማሽ የያዘ ግዙፍ የድንጋይ ምድጃ አለ። ጥያቄዋ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የኤሌክትሪኩ ሂሳብ ስለከበደን ዘንድሮ እንጨት ልናነድ ነው። ልጄ አስም አለባት። ማታ ማታ እሳቱ እንዳይጠፋ አየሩን ዘግቼ ባዳፍነው ይሻላል? ወይስ ሌሊት እየተነሣሁ እንጨት ልጨምር?»

መልሱን ለእሷ ብቻ ጽፌ ልተወው ነበር። ግን ነገሩ ፊንላንድ ላይ አያበቃም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሰል አያይዞ ወደ መኝታ ቤት ለሚያስገባውም ሰው መልሱ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሁላችሁም አንብቡት፤ ትንሽ ይረዝማል።

በአጭሩ አቋሜ ይኼ ነው፦ እሳት አይዳፈንም። ወይ በደንብ አየር አግኝቶ ቦግ ብሎ ይነድዳል፣ ወይ ጨርሶ ይጠፋል። መሐል ላይ ያለው፣ ያ ቀይ፣ ጸጥ ያለ፣ ጭስ የሌለው፣ እኛ የምንወደው ፍም፣ እንደ ሐኪም ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ምድጃውን ላስተዋውቃችሁ። ለትምህርት ፊንላንድ ሁለት ክረምት ቆይቻለሁ (ክረምት ስል የእነሱን በረዶ እንጂ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ አይደለም)። የተከራየሁበት ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ ነበረው። ድንጋዩ ሶፕስቶን ይባላል፤ ትርጉሙ «የሳሙና ድንጋይ» ነው፤ ሲዳስሱት እንደ ሳሙና ስለሚያሟልጭ ነው ስሙ። ውስጡ ታልክ የሚባለው ለስላሳ ማዕድን አለ፤ የፓውደሩ ታልክ። በጥፍር ሊጫር የሚችል ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ፊንላንዶች በቋንቋቸው «የሚጠረብ ድንጋይ» እንደማለት ነው የሚጠሩት። ኖርዌጆች ከቫይኪንግ ዘመን ጀምሮ ድስት ጠርበውበታል፤ ትሮንድሄም ያለው ትልቁ የኒዳሮስ ካቴድራል የተሠራው በአብዛኛው በዚሁ ድንጋይ ነው። ብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ተራራ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመው የክርስቶስ ሐውልትም ላይ ላዩን የለበሰው ይኼንኑ ድንጋይ ነው።

ለምድጃ የተመረጠበት ምክንያት ሙቀት መያዙ ነው። ይኼን ለሀበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ታውቃላችሁ አይደል? ሶኬቱን ነቅላችሁም የመጨረሻዋን እንጎቻ ያበስላል። ሸክላው ሙቀቱን ጠጥቶ ስለያዘ ነው። አሁን ያ ምጣድ ከ1000 ኪሎ በላይ ቢመዝን ብላችሁ አስቡ። ትልቁ የፊንላንድ ምድጃ ማለት እሱ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት እንጨት በደንብ ይነድዳል፣ ትኩሱ ጭስ በድንጋዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሙቀቱን እያስረከበ ይወጣል፣ ከዚያ እሳቱ ይጠፋል። ይጠፋል ነው ያልኩት። ድንጋዩ ግን እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ቤቱን ሲያሞቅ ያድራል። እሳት የሌለበት ሙቀት! የምድጃው ጥበብ በሙሉ እዚህ ላይ ነው፤ ማታ ላይ ማዳፈን ማለት ደግሞ ይኼን ጥበብ ገዝቶ አለመጠቀም ነው።

(አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ቬርሞንትና ኒው ሃምፕሻየር አካባቢ የሚታወቁት የሶፕስቶን ምድጃዎች ብዙዎቹ የብረት አጥንት ያላቸው፣ ቀለል ያሉ ናቸው። ሙቀት የሚይዙት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አጫጫናቸው ይለያል፤ ከምድጃው ጋር የመጣው መመሪያ ይነበብ። ስለ አየርና ስለ ፍም የምለው ግን ለእነሱም ይሠራል።)

ማዳፈን ከየት መጣ? ከእናቶቻችን። ገጠር ቤት ማታ ፍሙ አመድ ለብሶ ይተኛል፣ ጠዋት አመዱ ገለጥ ይደረግና ጭራሮ ጣል ተደርጎበት እፍ ይባላል። ክብሪት ውድ በነበረበት ዘመን ጎረቤት ሄዶ እሳት ከመለመን ያድናል። ብልኃት ነው፤ አልንቀውም። ግን ያ ቤት ሣር ክዳን ነበረው፣ ግድግዳው ይተነፍስ ነበር። እንዲያም ሆኖ እናቶቻችን ዋጋውን በዓይናቸውና በሳንባቸው ከፍለውታል፤ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ፣ ደረታቸው ግን እንደ አጫሽ የሚያፏጭ ስንት እናቶች ናቸው ክሊኒክ የሚመጡት! የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። የዛሬው ቤት ደግሞ ጭራሽ አይተነፍስም። የፊንላንዱ ቤት ለብርድ ተብሎ እንደ ቴርሞስ የታሸገ ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየምም መስኮቱና በሩ ከተዘጋ ብሎኬት ሣጥን ነው። የሣር ቤቱን ልማድ ይዘን ቴርሞስ ውስጥ ገባን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ ጭስ ነው የምንፈራው። «ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ይቆይ፣ ፍም ሲሆን ይገባል» ይባላል፤ ይኼን የማይል ቤት የለም። ይኼ አባባል ለዓይን ልክ ነው፤ ለደም ግን ስህተት ነው። እንጨት ወይም ከሰል በቂ አየር ካገኘ ካርቦኑ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ወፈር ያለ የፍም ክምር ውስጥ ደግሞ ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ካርቦን መሐል ሲያልፍ ተመልሶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ፍም ላይ ውልብ የምትል ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ከሰሉ አሁን ደረሰ» የምንልባት? እሷ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቃጠል ነው። ስትጠፋ ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ መውጣት ጀመረ ማለት ነው።

ጋዙ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቆጠቁጥ፣ አያስነጥስ። ፊንላንዶች ይኼን ጋዝ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው የሚጠሩበት አጭር፣ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ሃካ» ይሉታል። አያትም ልጅም ያውቀዋል። እኛ ግን ስም አልሰጠነውም። «ከሰል አፈነው»፣ «ጭስ መታው» ነው የምንለው። ስሙ ጭስ ስለሆነ ጭስ እንፈልጋለን፤ ጭስ ካላየን ደህና ነን ብለን በሩን ዘግተን እንተኛለን። የሚገድለን ነገር የራሱ ስም ስለሌለው ነው ያላየነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ብዙም የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ብዙዎቹ የድሮ ምድጃዎች ጭስ ማውጫው ላይ የሚጎተትና የሚገፋ የብረት መዝጊያ አላቸው። እሳቱ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ያለዚያ የድንጋዩ ሙቀት በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይሄዳል። ክርክሩ ታዲያ መቼ ይዘጋ ነው። ቶሎ ከዘጋኸው ሙቀት ታተርፋለህ፤ ግን ፍም ውስጥ ካለ ጋዙ መውጫ አጥቶ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ሽማግሌው እንዴት እንደሚወስኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መብራት ያጠፋሉ፣ የምድጃውን በር ይከፍታሉ፣ በብረት ዘንግ አመዱን ከዳር እስከ ዳር ይገላብጣሉ። አንዲት ቀይ ነጥብ ካዩ በሩን መልሰው ይዘጉና ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እንቅልፋቸው ከመጣ መዝጊያውን ክፍት ትተውት ይተኛሉ። «ሙቀቱ ይሂድ» ነበር የሚሉት። ሳይንሱን በዚህ መንገድ ነው ያስተማሩኝ፤ ከመጽሐፍ የተሻለ። እዚያ አገር በዚህ ምድጃ የሚደርሰው የጋዝ መመረዝ ብዙውን ጊዜ መዝጊያውን ቀድሞ ከመዝጋት ነው። ስስት ነው ባጭሩ።

ስለዚህ እህቴ፣ መልስሽ፦ አየሩን ዘግተሽ አታዳፍኝው፣ ሌሊትም እየተነሣሽ አትጨምሪ። አመሻሽ ላይ መመሪያው የሚፈቅደውን ያህል እንጨት በደንብ አንድደሽ፣ ፍሙ ጨርሶ ሲሞት መዝጊያውን ዝጊና ተኙ። ሌሊቱን ለድንጋዩ ተዪለት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ አስቡት። የእናንተ ማንደጃ ከዚያ ምድጃ ጋር አንድ ዓይነት ፍም ይይዛል። ልዩነቱ የእነሱ ጭስ ማውጫ አለው፣ የእናንተ የለውም። እነሱ ጭስ ማውጫቸው ለአንድ ሰዓት ቀድሞ ሲዘጋ ይመረዛሉ፤ የእኛ ማንደጃ ሲወለድም ጭስ ማውጫው ዝግ ነው። «ፍም ካደረግነው በኋላ አስገባነው» ማለት እንግዲህ በጣም አደገኛው ሰዓት ሲደርስ አስገባነው ማለት ነው። ለአራስ ክፍል ሙቀት ተብሎ፣ ለሕፃን ገላ መታጠቢያ ተብሎ፣ መብራት ጠፍቶ በሐምሌ ብርድ ተብሎ። አውቃለሁ፣ በክፋት አይደለም፤ በፍቅር ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ። ክፍሉ ውስጥ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ፣ ከሰሉ ላይ ጨው መነስነስ ሲባልም ሰምቻለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድን ውሃም ጨውም አይዙትም። በተኙበት ክፍል ከሰል «ትንሽ ብቻ» የሚባል ልክ የለውም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ለቡናው ደግሞ በረንዳ ካለ በረንዳ ላይ፣ ከሌለ በርና መስኮት ትይዩ ተከፍቶ፣ ቡናው ሲያበቃ ማንደጃው ወዲያው ውጭ። ረመጥ ሆኗል ተብሎ ጥግ አይቀመጥም፤ ረመጥም ፍም ነው።

ውጭ አገር ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። ከድንጋይ ምድጃው በአካፋ ፍም ዝቆ ዕጣን ማጨሻ ላይ ማድረግ የሚያምር ነገር ይመስላል አይደል? ጭስ ማውጫ ካለው ቦታ አውጥታችሁ ጭስ ማውጫ የሌለው ቦታ አደረጋችሁት። በበረዶ ማዕበል መብራት ሲጠፋ የባርቤኪዩ ከሰል ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ሳሎን ማስገባትም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከቃጠሎ አደጋ ውጭ በዚህ ጋዝ ብቻ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰው እንደሚሞትና ከ100 ሺህ በላይ ድንገተኛ ክፍል እንደሚሄድ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይናገራል። መሣሪያውም ሐኪሙም በሞላበት አገር ማለት ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል? ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ወንበሩን ይይዝበታል በሉት። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ይመጣል። ጉንፋን ይመስላል፤ ግን ትኩሳት የለውም። ምግብ መመረዝ ይመስላል፤ ግን ያልበላውም ይታመማል። ቤት ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸውና ሲመለሱ ከባሰባቸው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። የሚያሳዝነው ሰው ተኝቶ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ዘሎ ነው የሚያልፋቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኮቪድ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ጣት ላይ የሚደረገውን ኦክስጅን መለኪያ ገዝታችኋል። በዚህ ጉዳይ አትመኑት። ጋዙ የያዘውንና ኦክስጅን የያዘውን ሄሞግሎቢን መለየት አይችልም፤ ሰውየው እየሞተ 98 ሊያሳይ ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱ «ከሰል ወይም እንጨት ቤት ውስጥ ነበር» ብላችሁ ንገሩ፤ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ይኼ አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ይለውጠዋል። እርጉዝ ሴት ከነበረች ደህና ነኝ ብትልም ትምጣ፤ ጋዙ በጽንሱ ደም ላይ ይበልጥ ይበረታል፣ ለመውጣትም ይዘገያል።

ወደ ድንጋይ ምድጃው ልመለስ፤ አያያዙን ሳልናገር ብተው እህቴ ትታዘበኛለች።

እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ደረቅ ማለት ላዩ ሲነካ የደረቀ ሳይሆን ተፈልጦ፣ ከላይ ተከልሎ፣ በጎን ነፋስ እያገኘ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ ለምድጃ የሚፈለገው ከ20 በመቶ በታች ነው። በርካሽ የሚሸጥ የእርጥበት መለኪያ አለ፤ ፍልጡን እንደገና ፈልጣችሁ አዲሱ ፊት ላይ ለኩ። ሁለት ደረቅ ፍልጦች ሲጋጩ ቂል ይላሉ፣ እርጥቦቹ ዱብ። እርጥብ እንጨት እሳቱ ውሃ ሲያፈላ ይውላል፤ ጭሱ ይበዛል፣ የጎረቤት ሳንባም ይከፍላል። ቀለም የተቀባ፣ መድኃኒት የተነከረ የግንባታ ጣውላ፣ ካርቶን፣ ፌስታል ምድጃ አይገባም። ድሮ ጣውላ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት አርሴኒክ ነበረበት፤ አርሴኒክ መርዝ ነው። (ከሰል በፌስታል የምታቀጣጥሉ የአዲስ አበባ ልጆችም ሰምታችኋል። ሽታው ራሱ አልነገራችሁም?)

ስታቀጣጥሉ ፍልጡን ከሥር፣ ጭራሮውን ከላይ አድርጉና ከላይ ለኩሱት። ለእኛ ግልብጥ ይመስላል፤ ጉልቻ ላይ ያደገ ሰው ከሥር ነው የሚያያይዘው። ግን ከላይ ሲጀምር ከታች ካለው እንጨት የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ እያለፈ ይቃጠላል፣ ጭሱ በጣም ይቀንሳል። አየር ማስገቢያውን ሙሉ ክፈቱ። ነበልባሉ ቢጫና ሕያው ይሁን። ምድጃው አዲስ ከሆነ ወይም ለወራት ሳይነድ ከቆየ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ትንሽ ብቻ አንድዱ፤ ድንጋዩ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ድንገት ካጋላችሁት ይሰነጠቃል።

አሁን የሀበሻ ቤት ጉዳይ። ዶሮ ወጥ እየተቁላላ ነው፣ ሽንኩርቱ ቤቱን እንዳይወርሰው የወጥ ቤቱ አየር መሳቢያ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል፣ ሳሎን ደግሞ ምድጃው ይነድዳል። በታሸገ ቤት መሳቢያው የሚያወጣውን አየር ከሆነ ቦታ መተካት አለበት፤ ቀላሉ መንገድ ደግሞ ጭስ ማውጫው ነው። ጭሱን ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ጭሱን ብቻ ሳይሆን ጋዙንም። እሳት ካለ ወይ መሳቢያው ይጥፋ፣ ወይ መስኮት ይከፈት። ይኼን የምድጃ ሻጩ አይነግራችሁም፤ ወጣችንን ስለማያውቅ።

የበሩ መስታወት ከጠቆረ ምድጃው እያናገራችሁ ነው፦ አየር አንሶኛል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው ይላል። ማጽጃው ቀላል ነው፤ እርጥብ ወረቀት አመድ ውስጥ ነክሮ ማሸት። አመድ ለዕቃ ማጠቢያ ያደረጉት እናቶቻችን ሙያ እዚህ ይሠራል። በሩ ዙሪያ ያለው ገመድ መሰል ማሸጊያ ከላላ አየር ባልታሰበበት ይገባል። ወረቀት አጋብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ማሸጊያው ይቀየር። ምድጃው ከ1980ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ማሸጊያውን በእጃችሁ አትቦጭቁት። በዚያ ዘመን አስቤስቶስ ይገባበት ነበር፤ ብናኙ ካንሰር ያመጣል፣ ባለሙያ ይጠራለት።

አመዱን ከሥር እየጠረጋችሁ አውጡ፤ ከሞላ አየሩን ያግዳል። ማውጫው ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ነው፣ ማስቀመጫው ውጭ፣ ከእንጨት ግድግዳ የራቀ ቦታ። አመድ ውስጥ ፍም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ የማዳፈን ጥበብ የሚያስተምረን ይኼንኑ አይደለም? በፌስታል ወይም በካርቶን ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ «የበረደ» አመድ ቤት ያቃጥላል። ጭስ ማውጫው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይጠረግ። በታፈነ እሳት የሚወጣው ጭስ ግድግዳው ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይለጥፋል፤ አንድ ቀን ራሱ ይቀጣጠላል። ድንጋዩን ራሱን ከሳሙናና ከእርጥብ ጨርቅ በላይ አያስፈልገውም፤ ጭረቱ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ይጠፋል፣ ስታሹት ግን ማስክ አድርጉ።

አስም ያለባት ልጅስ? እዚህ ላይ የምድጃ ወዳጆች ይቀየሙኛል። ድንጋዩ ጥሩ ነው፣ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ጭስ ማውጫው ንጹሕ ነው እንበል። አሁንም በሩ በተከፈተ ቁጥር ደቃቅ ብናኝ ወደ ክፍሉ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ይኼ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በጣም ትንሽ ነው። «እንጨት ተፈጥሮ ነው፣ ተፈጥሮ አይጎዳም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጭሱም ተፈጥሮ ነው፤ የሕፃኗ ሳንባ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ሌላ ማሞቂያ ካላችሁና ቤት ውስጥ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለ ምድጃው ለመብራት መጥፊያና ለከባድ ብርድ ቀን ይቀመጥ። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ፣ ልጅቷ ሌላ ክፍል ሳለች ይቀጣጠል፤ እሳቱ ሲረጋ ትምጣ። በሩ ሲከፈት ቀስ ተብሎ ይከፈት። የምትነፋው መድኃኒት ግን በምድጃ ምክንያት አይቋረጥም። በየሳምንቱ የሚያስላት ከሆነ ምድጃውን ሳይሆን መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሩ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙ። የጭስ ማንቂያ ሌላ ነው፤ ይኼን ጋዝ አያውቀውም። ምድጃው ባለበት ክፍልና መኝታ ቤት አካባቢ ይሁን፣ በየወሩ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዓመት እዩ፤ ዕድሜው ሲያልፍ ባትሪ ቢቀየርለትም አይሠራም። ከአዲስ አበባ ወደ ቤተሰብ ስትልኩ የምታስልኩት ዕቃ ዝርዝር ውስጥም ይግባ። ከሽቶና ከጫማ በፊት።

ማንቂያው ከጮኸ ወይም ሰው ወድቆ ካገኛችሁ፦ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ስትገቡ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ፣ በርና መስኮት እየከፈታችሁ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ለጎረቤት ጮኻችሁ። ከሰሉን ለማጥፋት ወይም ለማውጣት ጊዜ አታጥፉ። ወተት አታጠጡት፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። በተራ አየር ጋዙ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሞላ ነው። የተሻላቸው የሚመስሉ ሰዎችም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥና የአረማመድ ችግር ሊመጣባቸው ስለሚችል ቀጠሮ አይዘለል።

ስልክ፦ አዲስ አበባ ለአምቡላንስ 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ፊንላንድና ስዊድን 112። ኖርዌይ ለሕክምና 113፣ ለእሳት 110። አሜሪካ 911። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ አማርኛ ብቻ ለሚችሉ እናትና አባት ደግሞ በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉላቸው።